አባቱ በምን ሞቱ?

ጥቅምት 4

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔና ሚጡ ደህና ነን። ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የመምህርቷን ስም በትክክል መጥራት አቅቷታል፤ መምህርቷም ለምዳዋለች መሰለኝ፣ «አቤት» ትላታለች።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ልጅዎ፣ ስለ ባሌ ጨጓራ ጠይቀውኛል። ጨጓራ የሚለውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት በስልክ ሲጠይቁኝ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። እናቴ፣ ልጅዎ ጨጓራ የለበትም። ይጠጣል።

«ወንድ ልጅ መቼም ይጠጣል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያው እል ነበር። እሱ ግን ከሰው ጋር ሊጫወት አይደለም የሚጠጣው። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ይጀምራል፤ ካልጀመረ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። አንዱን ጠርሙስ ሽንት ቤት፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አገኘሁት። ሌላውን ዱቄት ጣሳ ውስጥ።

ሥራዬን ያውቁታል። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ስገለብጥ እውላለሁ። እንግዳ ያስመለሰበትን፣ የሸናበትን በጓንት አንስቼ በረኪና ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። አንድም ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ቤቴ ስገባ ያው ሽታ በር ላይ ይቀበለኛል፤ እዚህ ግን ጓንት የለኝም። ባለፈው ማክሰኞ ሚጡ ትምህርት ቤት ልትሄድ ጫማዋን ስታጠልቅ እግሯ እርጥብ ነገር ውስጥ ገባ። አባቷ ጫማዋ ውስጥ አስመልሶበት ነበር። አላለቀሰችም። እግሯን አውጥታ አየችውና «እማ፣ ሌላ ካልሲ ስጪኝ» አለች፤ ዝናብ ያረጠበው ይመስል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ አነጋገሯ ነው።

የሥራውንም ነገር ልንገርዎት። አዲሱ ሰፈር የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር ከፍታውን የለካው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቆሻሻው ቁልቁል መሄዱ ቀርቶ ወደ ሰዉ ግቢ ተመለሰ። የአንዲት ሴትዮ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ምን እንደተገኘ አልጽፍልዎትም። «ቀያሹ ሽቅብ የሚፈስ ውሃ ፈለሰፈ» እያሉ ይስቁበታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ገላዬን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ብቻዬን። ነርሷ «በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ወይ? አባቱ በምን ሞቱ?» አለችኝ። እሱን ብጠይቀው «በትኩሳት» አለኝ። ያኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ የነበረውም አክስቱ ቤት ነው። እርስዎ ይንገሩኝ።

ምራትዎ


ጥቅምት 19

ለልጄ ለምራቴ፣

ጉልበቴን ጠይቀሻል። አንዱ ይታዘዘኛል፣ አንዱ ያምፅብኛል፤ እንደ ድሮ ተማሪዎቼ። ሚጡን ሳሚልኝ። ጥርስ ሲያበቅሉ ቶሎ ነው፣ አታርሚያት።

ደብዳቤሽን አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ አላነበብኩትም። የጻፍሽው ስለ ጠላትሽ ሳይሆን ስለ ባልሽ ነው። ጫማውን፣ አንሶላውን፣ ሽንት ቤቱን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ምን ይጠቅማል? ሰው ባሉን አይጠየፍም። ገበናሽን ለጤና ጣቢያ ሰው ከማውራትሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ቀያሽ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው፤ ይደክመዋል። ቤቱ ሲገባ ምን ዓይነት ፊት ነው የሚጠብቀው? ምግቡንስ በሥርዓቱ ያገኛል? እየነዘነዝሽው እንዳይሆን ብቻ።

አባቱን ስለጠየቅሽኝ፦ በትኩሳት ነው የሞቱት። ሦስት ቀን አተኮሳቸውና ሄዱ። ለነርሷም እንዲሁ በያት። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

ሰፈራችን ሱቅ ባለው ስልክ ላይ አትደውይ፤ ሰልፍ የያዘው ሁሉ ይሰማል።

እናትሽ


ኅዳር 6

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ባለፈው ደብዳቤ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጻፍኩት ውስጥ ግን የማነሳው ቃል የለም።

ምግብ እሰጠዋለሁ፤ አይበላም። አልነዘንዘውም፤ መነዝነዝ ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል፤ ለነዝናዛም ተስፋ ያስፈልገዋል። ፊቴንም አይቶት አያውቅም፤ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሁለት ሆኜ ነው የምታየው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎታል፤ በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ጣቴን ከዚያ በኋላ በሳሙና ታጠብኩት። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው ነክቼ እጄን እንደታጠብኩ የማውቀው እኔ ብቻ እንዳልሆን ነው።

ባለፈው ዓርብ ሚጡ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር። እንዳይመጣ ለምኜው ነበር። መጣ። በልጆቹ ሥዕሎች መካከል ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሱሪው ላይ ሸና። ራሱ አላወቀም፤ ፈገግ እንዳለ ነበር። አንድ ልጅ አሳየው። መምህርቷ ሚጡን «አባትሽ ናቸው?» ስትላት «አይደሉም፣ ጎረቤታችን ናቸው» አለቻት። «ናቸው» ብላ በአንቱታ። ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ አላረምኳትም።

ሰኞ ከሥራ አባረሩት።

አለቃው የነበረው መሐንዲስ ደግ ሰው ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ መከረኝ። ወንድሙን መጠጥ እንዲህ እንዳስተወው ነገረኝ፦ «አንድ ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆልፊበት። ውሃና ምግብ ስጪው። ቢለምንሽ አትስሚው። ይሰቃያል፣ ከዚያ ይወጣለታል።» ልጅዎ አጠገባችን ተቀምጦ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በሚጡ ስም ማለ። ራሱ ነው ቁልፍ ግዢ ያለኝ። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄያለሁ። ሚጡን የሥራ ባልደረባዬ ቤት አሳድራታለሁ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኅዳር 15 ጠዋት እንጀምራለን።

ይጸልዩልን።

ምራትዎ


እሑድ፣ ኅዳር 16

በሩን ክፈቺ። ሌላውን ከከፈትሽ በኋላ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ነው የደረሰኝ። ዛሬ በጠዋት ሱቁ ሄጄ ሆቴሉ ደወልኩ። «ፈቃድ ላይ ናት» አሉኝ። ቤቷ ሰው ላኩልኝ ብዬ ስለምን መስመሩ ተቋረጠ። ይህን የያዘው የአውቶቡስ ሾፌር ተማሪዬ ነበር። ነገ በመጀመሪያው ጉዞ ይነሳል። እጅሽ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ትኩሳት አልነበረም። ባሌ ይጠጣ ነበር። አገር የሚያከብረው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ጠዋት ሰልፍ ፊት ሲቆም ሽታው እንዳይታወቅ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ይይዝ ነበር። እስከ ዛሬ የከረሜላ ሽታ ያቅለሸልሸኛል። በአንድ የእረፍት ሳምንት፣ ተማሪ በሌለበት፣ ሰው ሳያይ ላስተወው ብዬ ልጄን ወደ አክስቱ ላክሁና ባሌን ቤታችን ዕቃ ክፍል ውስጥ ቆለፍኩበት። እንደ ባልሽ እሺ ብሎ፣ ምሎ ነው የገባው። የመጀመሪያውን ቀን ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛው የሌለ ሰው ሲያናግር ሰማሁት። መጠጥ እንድሰጠው የሚያታልለኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ገላው እንደ እንጨት ደርቆ፣ አፉ አረፋ ይዞ አገኘሁት።

በኋላ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። ለዓመታት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ ሊሞት ይችላል አለኝ። ይህን እያወቅሁ ነው ባለፈው ወር ትኩሳት ነው ብዬ የጻፍኩልሽ።

ሆስፒታል ውሰጂው። ካንቀጠቀጠው አትጠብቂ፤ የሚወራው ሁሉ የትም አይሄድም፣ በኋላ ይወራል።

እናትሽ


ኅዳር 29

ይድረስ ለእናቴ፣

ልጅዎ በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ሾፌሩ ሰኞ በስድስት ሰዓት በሩን መታው። «መምህሬን አሁንም ስለምፈራት ነው» ብሎ ደብዳቤውን መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ ማንበቤን እስኪያይ ቆመ። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ቁልፉን ፈለግኩ። ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይዤው ስዞር ግን የት እንዳለ ጠፋኝ።

እሑድ ከሰዓት ጀምሮ «ጉንዳኑን አባሪልኝ፣ ክንዴን ጨረሰው» ይለኝ ነበር። ጉንዳን አልነበረም። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ «ቲያትሩን ጀመረ» እያልኩ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ስከፍት አልጋው ሥር ገብቶ ክንዱን በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ አድምቶታል። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሽታ እርስዎ ያውቁታል፤ ለእርስዎ አልዘረዝርም። ሾፌሩ አፍንጫውን ሳይዝ ተሸከመው። ታክሲ ውስጥ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ መንዘፍዘፍ ጀመረ። የታክሲው ባለቤት «ወንበሬን አበላሸው» አለ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምታወራው። «አካሉ መጠጡን እንደ ልጓም ለምዶታል። ድንገት ልጓሙን ስትፈቺው አንጎሉ እንደ ደነበረ ፈረስ ይሆናል። እኛ በመድኃኒት ቀስ እያልን ነው የምናወርደው። እቤት መቆለፍ መግደል ነው» አለችኝ። ጉበቱ ተጎድቷል፤ ካቆመ ያለውን ይዞ ይኖራል፣ ካላቆመ ሩቅ አይሄድም። «ደካማ ሰው ስለሆነ ነው» አልኳት። «ሕመም ነው» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ሕመም ነው ማለት ግን ያደረሰባችሁ ነገር አልደረሰም ማለት አይደለም።»

ገባኝ። መጸየፌ ግን አልተወኝም። ነርሷ «ያው ባለቤትሽ ነው» ብላ ገላውን እንዳጥበው ሳፋና ፎጣ ሰጠችኝ። የማንንም እንግዳ ቆሻሻ የማነሳ ሰው፣ የእሱን አልቻልኩም። ሳፋውን መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አስመለሰኝ። ሆቴሉ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከሚጡ ጋር ገብተናል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺን የአባቱን እውነት አንድ ወር ቀደም ብለው ቢጽፉልኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር? ልጅዎን ልገድልብዎት ነበር።

ምራትዎ


ታኅሣሥ 9

ልጄ፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ የምጽፍበት ፊት የለኝም። ሳፋውን አስቀምጠሽ በመውጣትሽ አልፈርድብሽም። ለምን እንደዋሸሁሽ ግን ጠይቀሻል፤ ልመልስ።

ዕቃ ክፍሉን ከፍቼ መሞቱን ካየሁ በኋላ ሰው አልጠራሁም። መጀመሪያ ወለሉን አጠብኩ። ሁለት ባልዲ ውሃ አምጥቼ፣ ሬሳውን እየዘለልኩ፣ በበረኪና ፈገፈግኩት። ልብሱን ቀየርኩ፣ አፉን ጠረግኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ሽታው እስኪወጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ጮህኩ። ሰዉ ሲመጣ «ምን ነካቸው?» አለኝ፤ «ትኩሳት» አልኩ። ከባሌ ሞት ይልቅ የባሌ ሽታ ነው ያሳፈረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምጸየፈው እሱን ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ፣ ጫማውንና አንሶላውን ሳነብ፣ ሌላ ሴት ባልዲ ይዛ ቆማ አየሁ፤ እኔ ነበርኩ። ለዚያ ነው ሁለተኛ ያላነበብኩት፤ ለዚያ ነው የተቆጣሁሽ።

«ሰው ባሉን አይጠየፍም» ያልኩሽን ሰርዢው። ይጸየፋል። እኔ ስድስት ዓመት አልጋ ለይቼ፣ እሱ የጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻ አጥቤ ኖሬያለሁ። መጸየፌን ለአንድ ሰው ብናገር ኖሮ ያ ሰው ሐኪም ጋ ይወስደን ነበር ይሆናል። ቁልፉን ያዞርኩት እንዳይታወቅብኝ ነው።

ክፍል በመከራየትሽ ደግ አደረግሽ። በእኔ ይሉኝታ እንዳትመለሺ። ምራቴ የሆንሽው በእሱ ነበር፤ ከእንግዲህ በራስሽ ነሽ።

ከዚህ ጋር ለልጄ የጻፍኩትን አስገብቻለሁ። አባቱ በምን እንደሞተና ማን እንደቆለፈበት ሁሉም አለበት። ሐኪሟ ስትፈቅድ ስጪው። ብቻውን እንዳያነበው።

እናትሽ


የካቲት 20

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ከረሙ? ሚጡ ሁለቱም የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ትልልቅ ናቸው፣ ከማን እንደወረሰቻቸው አላውቅም። ዝም በማለቴ ይቅርታ። ልጅዎ ከዚህ በታች የምጽፈውን እስኪናገር ድረስ የምጽፈው አልነበረኝም።

ደብዳቤዎን ያነበበው ሆስፒታል፣ ነርሷ ባለችበት ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ትራሱ ሥር አደረገውና ውሃ ለመነ። ከወጣ በኋላ የድሮው ቤት ብቻውን ገባ። በየሳምንቱ ሐሙስ ሆስፒታሉ ሄዶ እንደ እሱ ካሉ ሰዎች ጋር ክብ ሠርተው ይነጋገራሉ። «ምን ትባባላላችሁ?» አልኩት። «እንዴት እንደምንዋሽ» አለኝ።

ለስድስት ሳምንት አልቀመሰም። በሰባተኛው ሁለት ቀን ሙሉ ጠጣ። እኔን አልጠራም፤ በሦስተኛው ቀን በራሱ እግር ሆስፒታል ሄደ። አሁን አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ይዘልቃል ብዬ አልምልም። ሐኪሟም አትምልም። ለጊዜው የአንድ ሕንፃ ተቋራጭ የቀያሽ መሣሪያውን ሳይሆን የመለኪያውን እንጨት ያሸክመዋል፤ የሚለካውን ሌላ ሰው ይለካል።

እሑድ እሑድ ሚጡን ለማየት ይመጣል። የምንጠብቀው አግዳሚ ወንበር ጋ ሲደርስ ጎንበስ ይላል፤ መጀመሪያ ታሸተዋለች። አንገቱን፣ አፉን፣ እጁን። እሱም እስክትጨርስ ዝም ብሎ ይሸተታል። ከዚያ ካለፈ ጉንጯን ትሰጠዋለች። ያኔ የጠጣ ሰሞን ሊመጣ አልደፈረም። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም። ቦርሳዬን ሲያቀብለኝ ጣቱ ቢነካኝ ቆዳዬ ይኮማተራል። እሱም ያየዋል።

ባለፈው እሑድ ሊሄድ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ። «ለእናቴ አንድ ነገር ጻፊልኝ፤ እጄ ገና አልረጋም» አለ። ይኸውና፣ እንዳለው፦ «አባቴ በሩን አንኳኳ ወይ? አትዋሺኝ በያት።»

«ምን ይጠቅምሃል?» አልኩት። «እኔ እንዳንኳኳሁ አላስታውስም። አላንኳኳሁም ይሆናል። ልወቅ» አለኝ።

ምራትዎ


የካቲት 28

ልጄ፣

ሚስትህ ቁልፉን ኪሷ ይዛ ቤት ውስጥ እንደነበረች ጽፋልኛለች። አንኳኩተህ ከሆነ እሷ ትነግርሃለች፤ ጠይቃት፣ አትዋሽህም።

አባትህ አንኳኳ። የመጀመሪያውን ቀን በጡጫው ነበር፣ በኃይል፣ እየሰደበኝ። ቀጥሎ በመዳፉ። መጨረሻ ላይ በምን እንደሆነ አላውቅም፤ ድምፁ ትንሽ ነበር። ስሜን ጠራኝ። መጠጥ አልጠየቀም። «ክፈቺልኝ፣ ፈራሁ» ነው ያለኝ። ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

ምን እንዳደረግኩ አልጠየቅከኝም፤ ቀጥሎ ትጠይቀኛለህና አስቀድሜ ልንገርህ። ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ልከፍት ስመጣም ሬዲዮኑ ገና ይዘፍን ነበር።

ሌላም ካለህ ጠይቀኝ።

እናትህ